«ነጋ» እስክትል

«እኮ ማን ነበር አጠገቧ?» ይመኙሻል ቤቱ በለቀስተኛ መሙላቱን ረስታ ጮኸች።

የሰልስቱ ለት ነው። ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤት ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ወደ እሷ ዞሩ። የእህቷ የሥራ ባልደረባ መምህር ጥዑመልሳን በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሱዳናዊት ጎረቤታቸው ያቀረበችለትን ሻይ ሳይጠጣ ብርጭቆውን ያሽከረክራል። «ድንገት ነው እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» ከማለት በቀር ወሬ የለውም።

ድንገት! ታናሽ እህቷ እፀገነት በጠዋት «ትንሽ ራሴን አሞኛል፣ ይተወኛል» ብላ እየሳቀች ነው ሪክሻ የተሳፈረችው። ቀትር ላይ ስልክ ሲደወል ይመኙሻል አል-ጣኢፍ ሰፈር በምትሠራበት ቤት ልብስ ትተኩስ ነበር። «የሞተችው ሌላ እፀገነት ናት» ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው። አሁንም እንደዚያው ይመስላታል፤ እንባ እንኳ አልወጣት ብሏል።

እፀገነት ሐበሾች ልጆቻቸውን በሚልኩበት ትምህርት ቤት የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ነበረች። ንፍጥ ትጠርጋለች፣ ጫማ ታስራለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች። ይመኙሻል «የተማርሽው ለዚህ ነው?» እያለች ታበሽቃት ነበር።

«ተይኝ ባክሽ! እኔ ‹መሸ› ብዬ ራሴን ጠረጴዛ ላይ ስደፋ፣ ያ ሁሉ ውሪ እኩል ድፍት ነው! ‹ነጋ› እስክል ቀና የሚል የለም። አንቺ እመቤትሽን እንዲህ ዝም ታሰኛለሽ?»

ያኔ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ከለቀስተኞቹ መካከል ሙላቷ የምትባል እናት ትንሿን ልጇን ልደትን ይዛ መጥታለች። ልደት ከገባች ጀምሮ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ እንደደፋች ነው።

«ያላ፣ ቀና በይ እንጂ!» አለቻት እናቷ። ወደ ይመኙሻል ዞራም፣ «የእፀገነት ተማሪ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ሆነችብኝ» አለች።

ልጅቷ ቀና ሳትል፣ በዚያ ካርቱም ባደገ ስብርብር አማርኛዋ መለሰች። «ሚስ ‹ነጋ› አላለችም። ‹መሸ› ሳትል ተኛች። እኛም ተኛን። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ጀረስ ሲደወል ሁሉም ተነሣ። እኔ አልተነሣሁም።»

ጥዑመልሳን ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«የእሷንና የእኔን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ብቻ ነው» አለ። «ጸጥ ሲልልኝ... ጎበዝ፣ ዛሬ አሳረፈችኝ አልኩ። ብቅ ብል ምን ነበረበት!»

ይመኙሻል ብድግ አለች። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ልጅ ባለበት ክፍል! አንዱ ቢያለቅስ፣ አንዱ ቢንጫጫ፣ ሰው በደረሰላት ነበር። እህቷ ስትኮራበት በኖረችው ጸጥታ ውስጥ ብቻዋን ሞተች። ኮሌታውን ልታንቅ ወደ ጥዑመልሳን ስትራመድ የልጅቷ ድምፅ ያዛት።

«አሁንም እኮ አላየሁም» አለች ልደት። «መቼ ነው የምትለው?»

ይመኙሻል ልጅቷ ፊት ተንበረከከችና ፀጉሯን ዳበሰች።

«ነጋ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት። «ነጋ።»

ልደት ቀና ብላ ዓይኖቿን አሸች። ይመኙሻል በተራዋ ግንባሯን የትንሿ ልጅ ጉልበት ላይ ደፋች። ሴቶቹ ቢጎትቷት፣ ቢለምኗት፣ ቀና አልል አለች።