የጴጥሮስ ጭቃ

ምስለኔው ታረቀኝ ከበቅሎው ሳይወርድ ዱላውን ጭቃው ውስጥ ነክሮ አወጣና ጫፉን አየው።

«ደርሷል» አለ። «ወደ ቀኛዝማች ቤት ይሂድ።»

ጴጥሮስ እስከ ጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ቆሞ ነበር። ቡናና እንሰት በሞላበት መንደር ለምርጊት የሚሆን የገብስ ጭድ አይገኝም፤ ከደጋው ከቡሌ ድረስ በራሱ ተሸክሞ ያመጣው ነው። ጭቃውን ውሃ እያጠጣና እየረገጠ፣ እስኪሸትና እርስ በርሱ እስኪያያዝ አሳድሮታል። ከኋላው የቆመው ቤቱ ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ አንድ ጎኑ ተንዷል። ባዶ በቀረው ማገር ላይ ሚስቱ አሰገደች ኩታዋን ጋርዳበታለች።

«ጌታዬ፣ ሚስቴ አራስ ናት። ዛሬ ካልመረግሁት ዝናቡ ልጁ ላይ ነው የሚገባው።»

«የቀኛዝማች ግድግዳም ርሷል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዳኛ እርጥብ ቤት ይደሩ?» ታረቀኝ ሳቀ። «ደግሞስ መሬቱ የማን ሆነና ነው ጭቃው ያንተ የሚሆነው?»

በዚህ መሬት ላይ የጴጥሮስ አያት እንሰት፣ አባቱ ቡና ተክለዋል። ገመድ የያዙ ሰዎች መጥተው ከለኩት በኋላ ግን የተከለው ጭሰኛ፣ ያስለካው ቀኛዝማች ባለርስት ተባለ። ይህን ሕግ ይሉታል። ሌባ በቀን ከመጣና ጸሐፊ ካስከተለ ስሙ ይለወጣል። ጎረቤቱ ፈለቀ አምና እምቢ ብሎ ነበር፤ በዳኛ ፍርድ ተነቅሎ ዘንድሮ ቡናውን ሌላ ሰው ይለቅምለታል።

«ሂድ» አለችው አሰገደች ከኩታው ጀርባ። «ምናልባት ጥቂት ይተርፍ ይሆናል።»

ጎረቤቶች ታዘው ጭቃውን በቅርጫት ተሸክመው ዲላ አወረዱት።

የቀኛዝማች ሰብስቤ ቤት ቆርቆሮ የለበሰ ነው። የጓሮው አሸንዳ ተሰብሮ ውሃውን ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ሲያፈስ ከርሟል። ጴጥሮስ ከውስጥ በኩል ያበጠውን ምርጊት ፍቆ ሲያወርድ ግድግዳውን የያዘው ቋሚ እንጨት፣ ወጋግራው ታየው። ጣቱን ቢሰድበት እንደ ቆጮ ሊጥ ሰጠመ። ነቅሎ በሌላ መተካት ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሌሊቱንም የሚፈጅ ሥራ ነው። እንዲሁ ቢለስነው ከበድ ያለ ዝናብ እንደመጣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይተኛል።

ቀና ብሎ አየ። የዳኛው አልጋ ነጭ አንሶላ ለብሶ እዚያው ጥግ ተነጥፏል።

«ይተኛበት» አለ በልቡ። መሬት በብዕር የሚነቅል ሰው አንድ ቀን ግድግዳ ቢነቀልበት ምን ይጎዳል? ጭቃውን አንስቶ ወረወረ። ያን ቀን የሠራውን ያህል አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ ቁጣው እጁ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን እንደ ምጣድ አለሰለሰው።

ከሰዓት በኋላ የቀኛዝማች ሚስት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ገቡ።

«እጅህ ይባረክ! እንዲህ ያለ ምርጊት ዲላ ውስጥ አላየሁም።» ቀጥለውም አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እርጥበቱ ግን ይሸታል። እንግዳዬንማ እዚህ አላስተኛም። ይመኙሻል! አልጋውን ወደ እልፍኝ አስወጪው። አንቺ ምንጣፍሽን እዚህ አምጪ።»

ገረዲቱ ይመኙሻል ሕፃኗን አዝላ መጣች። ነፋስ እንዳያገኘው ብላ ከበሩ ራቅ አድርጋ፣ ከለሰነው ግድግዳ ሥር አስተኛችው።

«እዚያ አታስተኚው» አላት ጴጥሮስ።

«ሌላ ክፍል አለኝ ወይ ወንድሜ? ካለኝ አሳየኝ፣ ዛሬውኑ ልግባበት!» ብላ ሳቀች።

«ጨርሰሃል፣ ሂድ» አለ ታረቀኝ ከደጅ። በአንደኛው ቅርጫት ውስጥ ጭቃ ተርፎ ነበር፤ በቤቱ የተራቆተውን ማገር ሊሸፍን የሚችል። ጴጥሮስ ብድግ አድርጎ ተሸከመው። እስከ ግቢው በር ደረሰ። ቢናገር «ጠዋት ለምን ደበቅህ?» ይባላል፤ ቢሄድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይደርሳል። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተንኳኩ።

ቅርጫቱን ይዞ ተመለሰ። ሕፃኑን በምንጣፉ ወደ መሐል ጎተተውና አሥር ጣቶቹን እርጥቡ ምርጊት ውስጥ ሰድዶ ያሳመረውን ናደው።

«አብደሃል?» ታረቀኝ ደጃፉ ላይ ተገተረ።

«ወጋግራው በስብሷል። ይወድቃል።»

«ይህን ያወቅኸው አሁን ነው?»

ጴጥሮስ ሌላ እፍኝ ምርጊት ናደ። ምስለኔው አልጋው ተነጥፎበት ወደነበረው ጥግ አየ፤ መልሱን ያገኘ መሰለ።

«የዳኛው አልጋ እዚህ ነበረ፣ አይደለም? በል ይህን ነገ ለዳኛው ለራሳቸው ትነግራቸዋለህ። ዛሬ ግን እስክትጨርስ ከዚህ ግቢ አትወጣም።» የግቢው በር ሲቆለፍ ተሰማ።

የበሰበሰውን ወጋግራ ጎትቶ ሲያወጣ በማገሩ መካከል ሰፊ ቀዳዳ ተከፈተ። በቀዳዳው የጴጥሮስ መንደር ያለበት፣ ወደ ጪጩ የሚወስደው ሸንተረር ይታያል። ዝናቡ ዳገቱን እየወጣ ነው።

ይመኙሻል ልጇን መልሳ አዘለች፤ ሳይነግራት ሊወድቅ ያዘነበለውን ማገር በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችለት። በቀዳዳው እሱ ወደሚያይበት አየች።

«ቤትህ የቱ ነው?» አለችው።

ጭቃ የያዘ እጁን አንሥቶ ሊያሳያት ፈለገ። ዝናቡ ሸንተረሩን ሸፍኖት ነበር።