ስንት ሌሊት ትቆያላችሁ?

አጎበሩ ሳሎኑን ሞልቶታል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ነጩን መረብ ከሶፋው እስከ በሩ ዘርግታ፣ ጠርዙን በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ትቀመቅማለች። መረብ ብቻውን ሲሰፋ ከመርፌው ሥር ይንሸራተታል፤ ጨርቅ ካልያዘው ደግሞ ሰው አንዴ ሲገላበጥ ይተረተራል። የጎጆዎቹ ጠባቂ በስልክ፣ “ወንዙ ዳር ትንኙ አያስተኛም፤ የኛዎቹ አጎበሮች አርጅተዋል” ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር።

ባሏ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ዕቃ ይደረድራል። ባትሪ፣ ቡታጋዝ፣ ድስት፣ ገመድ፣ ያንን ሁሉ አንዴ ያስገባል፣ አንዴ ያወጣል። ድሮ የአውቶብስ ሾፌር ነበር። መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ ፍሬን ስለሚይዝ ባልደረቦቹ “ኤሊ” ብለው ሰየሙት፤ ሥራው ሲያበቃ ስሙ አብሮት ጡረታ አልወጣም። በወጣትነቱ የሩቅ መስመር ሲነዳ በድልድይ ላይ የሚያልፈው አንድ ሰፊ ወንዝ ነበር፤ ሙቅ አገር ነው፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ ነው፣ ከዛፎቹ መሃል የእንጨት ጎጆዎች ይታያሉ። “አንድ ቀን ወርደን እናድራለን” ሲላት ስንት ዘመኑ።

ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ይሄዳል። ሰውነቱ ውኃ ማስወጣት ስለማይችል የሚጠጣው ተለክቶ ነው። መሃሉ ላይ ምልክት እንዲሆን ፕላስተር የተለጠፈበት ኩባያ አለው፤ ጠዋት እስከ ፕላስተሩ፣ ማታ እስከ ፕላስተሩ፣ በቃ። ኩባያውን የምትሞላው እሷ ናት። በትዳሯ ውስጥ እንደዚህ የምትጠላው ሥራ የለም።

“ጋሼ፣ መኪናዋ ተሞሽራለች!” አለ ታናሽ ወንድሙ፣ መካኒኩ፣ ጄሪካን አንጠልጥሎ እየገባ። “ዘይት ቀይሬያለሁ፣ ራዲያተሩን አይቻለሁ። ነገ ግን ቁልቁለቱ ላይ ‘ቀስ በል፣ ቀስ በል’ እያልክ የምታደርቀኝ ከሆነ ከኋላ ከጄሪካኑ ጋር ነው የምጭንህ።”

“ከጄሪካኑ ጋርማ አታስቀምጠኝ፤ ሳንደርስ እጨርሰዋለሁ።”

ሦስቱም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ቀድማ አቆመች።

“መንገድ ላይ ሙዝ እንገዛለን” አለ ባሏ። “የዚያ አገር ሙዝ እንደ ማር ነው።”

“ሙዝ ተከልክለሃል።”

“ለእናንተ ነዋ፣ አንቺ ሴትዮ! እኔ ልጣጩን አያለሁ።”

“ኩባያህንስ? ቦርሳው ውስጥ የለም እኮ።”

“ወደ ወንዝ የሚሄድ ሰው ኩባያ ይይዛል?”

“እትዬ፣ ተይው” አለ መካኒኩ። “ኤሊ ውኃ ሸቶት ነው።”

ስልኩ ጮኸ። የጎጆዎቹ ጠባቂ ነው፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ሳሎኑ ውስጥ ይሰማል። “ጌታዬ፣ ስንት ሌሊት ትቆያላችሁ? መመዝገብ ስላለብኝ ነው።”

“እሱን ስንደርስ እንነጋገራለን” ብሎ ዘጋው።

ነገሩ ልብስ ሰፊዋን ቆረቆራት። ምን መነጋገር ያስፈልገዋል? ዛሬ ጠዋት ታጥቦ መጥቷል፤ ነገ ሄደው፣ አድረው፣ ለቀጣዩ እጥበት መመለስ ነው። ባሏ ደግሞ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት ሲያከብር ያረጀ ሰው ነው። ስታስበው ስታስበው አንጀቷን በላት። አንዲት ሌሊት መጨመር አምሮት፣ ማሽኑን ፈርቶ፣ ለመናገርም አፍሮ ነው አለች በልቧ። ነርሷን ለምና ተራውን በአንድ ቀን ብታስገፋለትስ? ማታ ድንገት ብትነግረው ፊቱ ምን ይመስል ይሆን?

“ክር አልቆብኛል” ብላ ወጣች።

የእጥበቱ ክፍል መድኃኒትና ላስቲክ ይሸታል። ማሽኖቹ በየወንበሩ ጎን ያጉረመርማሉ። ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች መጣች።

“እናቴ፣ ምነው? የረሳችሁት ነገር አለ?”

“ኧረ የለም። የሱን ተራ በአንድ ቀን እንድትገፊልኝ ነው። ትንሽ ጉዞ አለን።”

ነርሷ ግራ ገባት። “የትኛውን ተራ? ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ሊዛወር እንደሆነ ነግሮን፣ ፈርሞ፣ ዛሬ ጠዋት ተሰናብቶን ሄደ እኮ። ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጥተናል። አልነገሩዎትም?”

ወንድሙ የሚኖረው ከእነሱ ሁለት መንደር አልፎ ነው።

ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ተነሥታ መጣችና የልብስ ሰፊዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ከኋላዋ ፊቷ ያበጠ ወጣት ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ትተነፍሳለች።

“የጋሼ ባለቤት እርስዎ ነዎት? እግዜር ይስጥልን! ልጄ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ይኸው እንደዚህ ሆነች። እስከ ዛሬ ሰው ሲቀር ብቻ ነው የምትታጠበው። ሰው እንዲቀር መመኘት ምን ያህል እንደሚከብድ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።” ሴትየዋ ዕንባዋ መጣ። “በደህና ግቡ። አዲሱ አገር ይስማማችሁ።”

“አሜን” አለች ልብስ ሰፊዋ። በተከፈተው በር የባሏ ወንበር ይታያታል። የወንበሩ ክንድ ተቀዶ ስፖንጁ ሲወጣ በሰማያዊ ጨርቅ የጣፈችው እሷ ናት። ስፌቱ አሁንም አልላላም።

ቤት ስትደርስ መካኒኩ ሄዷል። ባሏ ገመዱን ይጠቀልላል።

“ክሩን አገኘሽ?”

“ወንበርህን ሰጥተሃል።”

ገመዱን አስቀመጠ። አልካደም። መካድ ቢሞክር ኖሮ የምትጮህበት ነገር ታገኝ ነበር።

“ገዳይህ ልታደርገኝ ነው?” አለች። “ያለ እጥበት ከሳምንት እንደማታልፍ እያወቅህ፣ እኔ ስንቅ ቋጥሬ፣ ወንድምህ መኪና ነድቶ፣ እንደ ሽርሽር እየሳቅን ወስደን ልንቀብርህ?”

“እሱ አያውቅም። እስክንደርስ አትንገሪው፤ መንዳት ያቅተዋል።”

“እኔስ መቼ አወቅሁ!”

እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ በልዞ ጠቁሯል። “ይሄ የመጨረሻው የደም ሥር ነው። ዛሬ ደጋግመው ወግተው በመከራ ነው ያገኙት። ከዚህ በኋላ በአንገት ነው አሉኝ። ከአንገት በኋላስ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ንቅለ ተከላውን እንደሆነ ልብህ አይችልም ብለውኛል፤ አብረን ሰምተናል።”

“ለዚያች ልጅ ብለህ ነው?”

“ጻድቅ አታድርጊኝ። ልጅቷ ባትኖርም እሄድ ነበር። ደክሞኛል። በሕልሜ ቧንቧ ሥር ተንበርክኬ ስጠጣ አድራለሁ፤ ስነቃ ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ነው። አንድ ጊዜ፣ ማንም ሳይለካልኝ...”

ማንም ሲል እሷን ለማስቀየም እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ወጋት። የምትለካለት እሷ ናት፤ ሌላ ማን አለ?

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ። ከከለከልሽኝ ደግሞ እቀራለሁ።” ቀና ብሎ አያት። “አሁንም እንደዚያው ነው። ‘አትሄድም’ ካልሽኝ ነገ ሄጄ እለምናቸዋለሁ። እንደ ልጅቷ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሰው እንዲቀር እጠብቃለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ ቃል አታስገቢኝ እንጂ እጠብቃለሁ።”

“አትሄድም” የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። አንዲት ቃል ናት፤ ተፍታ ብትገላገላት ነገ ጠዋት እዚሁ ቤት ይነቃል። ከዚያስ? እንደዚያች እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ፣ የማን ሰው ይቀር ይሆን እያለች ስትጠብቅ ታያት። አንገቱ ላይ የሚገባው ቱቦ ታያት። አልጋውም ታያት፣ የእሱ ጎን ሳይጨማደድ ሲያድር። ሁሉንም አየች እንጂ የትኛውን እንደምትችል አላወቀችም።

ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ጨርቁን ከመረቡ ጋር አስተካክላ ፔዳሉን ረገጠች። አንድ ጎን ቀርቷት ነበር። ክሩ አላለቀም፣ መጀመሪያም አላለቀም ነበር። ባሏ ከወለሉ ሳይነሣ የመረቡን ሌላ ጫፍ ይዞ እንዳይጎተት ወደ እሷ ይለቅላት ጀመር፤ ትስባለች፣ ይለቃል።

ስልኩ ጮኸ። ባሏ አየውና አላነሣውም። ወለሉ ላይ ወደ እሷ ገፋው፤ እሱ ራሱ ፌርማታ ላይ እንደቆመ ሰው ደጅ ደጁን ያያል።

አነሣችው።

“እመቤቴ፣ ይቅርታ ደጋግሜ አስቸገርኳችሁ” አለ የጎጆዎቹ ጠባቂ። “ሌላ ደንበኛ እየጠየቀኝ ነው። ወንዙን ፊት ለፊት የምታየዋን ጎጆ ነው የያዝኩላችሁ። ስንት ሌሊት ልበል?”

ጠረጴዛው ላይ ኩባያው ተደፍቶ ደርቋል። የማታው ድርሻው ገና አልተለካም።

“ሳምንት” አለች።

ባሏ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

“ሳምንት! ጎሽ!” ጠባቂው ደስ አለው። “እንደዚያ ከሆነማ ስጦታ አለን። ሳምንት ለሚቆይ እንግዳ የመጨረሻው ቀን ጀልባ በነፃ ነው። ወንዙን እስከ ድልድዩ አዙረን እናመጣችኋለን። ለስንት ሰው ልያዝ?”

ልብስ ሰፊዋ የተረፈውን ክር በመቀስ ቆረጠች።

“እሱን ስንደርስ እንነጋገራለን” አለች።