በየከተማው የተሰናበተው ሰው

ካሣዬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ የቪክስ ቅባት ብልቃጧን ከፈተ። ሽታዋን ጠልቷታል። ቫንኩቨር ላይ ለአመል ያህል ነበር የሚነካት፤ ኤድመንተን ላይ ጨመረ፤ አሁን ካልጋሪ ላይ፣ በጉዞው ማብቂያ፣ ከዓይኑ ሥር ካልለቀለቃት እንባ የሚባል ነገር አይወርድለትም። ዓይንም ይሰለቻል እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲያትሩን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ካናዳን የሚያዞራቸው ካልጋሪ አጠገብ ኤርድሪ የሚኖረው አብርሽ፣ ገና ከመነሻው ፖስተሩ ላይ «የአንጋፋው ተዋናይ የስንብት ጉዞ» ብሎ አሳተመ። ካሣዬ መድረክ መተውን በሕልሙም አላሰበው። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ባይ ባይ ይበሉ» አለው አብርሽ፤ «ሰው ስንብት ይወዳል፣ ሶልድ አውት ነው የምናደርገው።» ካሣዬ ምራቁን የዋጠ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት ነበረበት። አላለም! በየከተማው ቲያትሩ ሲያልቅ ወደ ፊት እየወጣ «ይህ የመጨረሻ መድረኬ ነው፤ መድረክ ቤቴ ነበር፤ ዛሬ ከቤቴ ወጣሁ» እያለ ሲነፋረቅ ከረመ። ሕዝቡም አብሮት ተነፋረቀ።

የማታለቅሰው ሙሉሸዋ ብቻ ናት። ጥግ ላይ ቆማ፣ ሳቋ እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የመድረክ ባልና ሚስት ናቸው። ስንት ጊዜ ተጋብተዋል፣ ስንት ጊዜ ተፋተዋል፣ ስንት ጊዜ እሱ ሞቶ እሷ ደረቷን መትታለታለች።

ታዲያ ዛሬ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ «ካሥዬ፣ እኔ አብሬያችሁ አልመለስም» አለችው። «እዚሁ ካልጋሪ፣ ቴምፕል ሰፈር ያለችው ልጄ ናሆሚ ካላስቀረሁሽ ብላለች። ጉልበቴም በቃኝ ብሏል። ከዛሬ ወዲያ ቲያትር የለም።»

ካሣዬ «ጥሩ ነው» ብሎ ሻዩን ጠጣ። ጥሩ ነው! ይህ ሁሉ ዘመን የሰው ቃል ሲሸመድድ የኖረ ሰው፣ የራሱ ሲፈለግ «ጥሩ ነው»! ከዚያ ወዲህ የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ኤርፖርት ከመሄዱ በፊት ለዚህች ሴት አንዲት እውነተኛ የስንብት ቃል መናገር።

መጋረጃው ተከፈተ። ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ያለው አዳራሽ ጢም ብሏል። ካሣዬ ወጣ፣ ያችኑ ንግግር አለ፣ አለቀሰ። እትዬ የዓለምወርቅ የሚባሉ አዛውንት በሰው ተደግፈው መድረኩ ላይ ወጡና የአንገታቸውን ሻርፕ አውልቀው አጠለቁለት።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ ማን ይጦርሃል?» ብለው ጉንጩን ይዘው ስቅስቅ አሉ።

የእሳቸው እንባ ቅባት የለበትም። ካሣዬን ሻርፑ አነቀው። እግዚኦ! ሰው እንዴት እስከዚህ ይወርዳል?

ከመድረክ ሲወርድ አብርሽ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ጋሼ፣ ዩ ኪልድ ኢት! ለሚቀጥለው ዓመት "ሕዝቡ ለምኖ መለሰው" ብለን እንመጣለን። ፖስተሩን ኦልረዲ ዲዛይን አስደርጌዋለሁ።»

«ዞር በል ከፊቴ!»

ሊተፋበት ቃጣው። ግን ማን ላይ ነው የሚተፋው? ቪክሷ ያለችው አብርሽ ኪስ ውስጥ አይደለም፣ በገዛ ኪሱ ውስጥ ናት። እየተንደረደረ መታጠቢያ ቤት ገባና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወራት። ከዚያ ፊቱን በእጅ ሳሙና ቆዳው እስኪቀላ ፈተገው። ሙሉሸዋ ፊት በዚህ ቅባት አይቆምም።

ውጭ፣ ግንቦት ገብቶም በረዶ ይጥላል፣ የዚህ አገር ነገር! አብርሽ ቫኑን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሙሉሸዋ ፓርኪንጉ ጥግ ላይ ቆማ የልጇን መምጣት ታያለች።

«ሙልዬ።»

«ወዬ።»

«እኔ እኮ... መድረክ ቤቴ ነበር ስል...» ካሣዬ ደነገጠ። ከአፉ የወጣው ያው የፈረደበት ንግግር! ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ሌላ ቃል ፈለገ፣ አጣ። «ማለቴ፣ ቤቴስ አንቺ ነበርሽ። ዛሬ ነው ከቤቴ የወጣሁት።»

ሙሉሸዋ ከት ብላ ሳቀች። «ይኼኛው ከኤድመንተኑ ይሻላል!»

«እናቴ ትሙት እውነቴን ነው!» አለ። ይኼኔ እንባው መጣ። ማንም ሳይጠራው መጣ፤ አፍንጫው ሳይቀር ወረደ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ መልኩ ሁሉ ተበላሸ። መድረክ ላይ እንዲህ አስቀያሚ ሆኖ አልቅሶ አያውቅም።

የሙሉሸዋ ሳቅ ቆመ። ጠጋ ብላ አየችው። ቀስ ብላ በአውራ ጣቷ ከዓይኑ ሥር ጠረገችለት፤ ካሣዬም ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። አመነችኝ አለ በልቡ።

አውራ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደችና አሸተተች።

«አይ ካሥዬ!» አለች እጇን በኮቱ እየጠረገች። «ለእኔም ተቀባህልኝ?»

የናሆሚ መኪና መጥታ ቆመች። ሙሉሸዋ ጉልበቷን ይዛ፣ እየሳቀች ገባች። መኪናዋ ስትዞር መስታወቱን ዝቅ አደረገችና አጨበጨበችለት።