በልጄ በኩል ያለው ጎማ

አዛለች ልጇን በስልክ ሳትከታተል ውላ አታውቅም። እስራኤል ሚኒባሱን አስነስቶ ከሶዶ መናኸሪያ ገና ሳይወጣ «የት ደረስክ?» ትለዋለች። አረካ ሲሄድም፣ ዲምቱ ሲወርድም ያው ነው። ተሳፋሪዎች ሲስቁበት ጊዜ እሱም መላ አበጀ፤ መሪ ከያዘ የእናቱን ስልክ አያነሳም።

የዚያን ቀን ጠዋት አዲስ ጎማ ሊያስገጥም ሲሄድ ግን አብራው ሄደች። አሮጌዎቹ ጎማዎች ተልጠው ሽቦአቸው ወጥቶ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስተዋት ከርመዋል። በኮባ የጠቀለለችውን ቅቤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። በእነሱ ዘንድ የሚመረቅ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፤ ሙሽራም ቢሆን፣ ከበሽታ የተነሳም ቢሆን። ልጇን ተሸክመው የሚውሉት ጎማዎች ሳይመረቁ እንዴት ይሂዱ?

ጎሚስታው አማረ ቋጠሮዋን አይቶ ሳቀ። «እትዬ አዛለች፣ ነገ ደግሞ መኪናውን ክርስትና አስነሱልኝ እንዳይሉን!»

«አንተ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

ሦስቱ ተገጥመው አለቁ። የቀረው የፊት ግራ ነበር። አማረ ጎማውን ነፋስ ሊሞላ ወደ ውስጥ ገባ፤ እስራኤል ስለ ተራው በስልክ ከመናኸሪያ ጋር ይነታረካል። የጎማው ብሎኖች መሬት ላይ በጨርቅ ተቀምጠው ነበር። አዛለች ቁጢጥ አለችና የእያንዳንዱን ቀዳዳ በቅቤ ሞላችው። «ልጄን አደራ፣ ልጄን አደራ» እያለች፣ ብሎኖቹ የሚታሰሩባቸውን ዘንጎችም አንድ በአንድ ቀባች።

አማረ ተመልሶ ጎማውን ሰቀለ። እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ስለሆነ ምንም አልታወቀውም። «ይሄኛው ደግሞ እንዴት ደስ ብሎት ገባ!» አለ መፍቻውን እያዞረ። ከዚያ ወደ እስራኤል ዞረ። «ስማ፣ አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል፤ በድንገት ፍሬን አትያዝ። ብሎኖቹንም ዲምቱ ስትደርስ መልሰህ አስጠብቅ፤ ከተነዱ በኋላ ይላላሉ።»

«እሺ፣ ሰው ላውርድና አስጠብቃለሁ» አለ እስራኤል። ተራው ደርሶ ስለነበር የዲምቱ ሰው ሊጭን ከዚያው ወደ መናኸሪያ ሄደ።

አዛለች አረፍ ብላ ከቆየች በኋላ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ አማረ ከጀሪካን ውሃ ያፈስላት ጀመር። ውሃው ቆዳዋን ሳይዝ እየተንከባለለ ወረደ።

«ቅቤውን የት ነው የቀቡት?» አላት።

«እነዚያ ትንንሾቹ ላይ ነዋ። ጎማውን ጨብጠው የሚይዙት እነሱ አይደሉ?»

አማረ ጀሪካኑን ለቀቀው። «በየትኛው በኩል?»

«በልጄ በኩል ባለው።»

«ብሎን እኮ ደረቅ ነው የሚፈልገው! ቅባት ከነካው አይጨብጥም። ፍሬኑ ሲግል ደግሞ ቅቤው ይቀልጣል። ቁልቁለት ነው የሚወርደው!»

አዛለች ደወለች። ጠራ፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። አማረም በራሱ ስልክ ሞከረ፤ መስመሩ ተይዟል አለው። እንደገና ሞከረ፤ ተይዟል። «እርስዎ ነዎት የያዙት! ይዝጉት፣ የኔን ያነሳል!» ብሎ ጮኸ። እሷ አልሰማችም። ጣቷ ያንኑ ስም ይጫናል። ስልኩን ከእጇ ነጥቆ በራሱ ሲደውል ግን ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ።

መፍቻውን እንደያዘ አጠገባቸው በቆመ ባጃጅ አሳፍሯት አብሯት ገባ። ባለባጃጁ ቢኒ «ማዘር፣ አይዞሽ፣ እንደርስበታለን» ይላል። ከከተማው ወጥተው ቁልቁለቱን ጀመሩ። አዛለች እያንዳንዱን ነጭ ሚኒባስ የልጇ ይሆን እያለች አንገቷን አውጥታ ታያለች፤ አይደለም።

መጀመሪያ ያየችው ጎማውን ነው። ከመንገዱ ዳር በቆሎ ውስጥ፣ አገዳ ተደግፎ ቆሟል። የአዲስ ጎማ ጸጉሩ እንኳ ገና አልረገፈም። ከበታቹ ሚኒባሱ በጎኑ ተኝቷል።

እስራኤል ክንዱን ደረቱ ላይ ታቅፎ ሳር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሮጣ ልታቅፈው ስትል አጠገቡ በጋቢ የተሸፈነ ሰው አየች። የአንዲት ሴት ላስቲክ ጫማ ከጋቢው ወጥቶ ይታያል።

«ይኸው መጣ!» አለ እስራኤል ለትራፊክ ፖሊሱ፣ አማረን እያሳየ። «እሱ ነው ሳያጠብቅ የሰደደኝ! እሰሩት!»

አማረ መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። ወደ አዛለች አልዞረም።

«እሱ አጥብቋል» አለች አዛለች። «እኔ ነኝ።»

«ምን አደረጉ?» አላት ፖሊሱ።

«ቅቤ ቀባሁት። ብሎኑን።»

ከተሰበሰበው ሰው አንድም የሳቀ አልነበረም። እስራኤል እናቱን አያት፤ ከዚያ በጋቢ ወደተሸፈነችው ሴት ዞረ።

«ስትደውይ አይቼው ነበር» አላት እናቱን። «እንደ ሁልጊዜው መስሎኝ ነው።»