የረቢአ መጋረጃ

የልጅ ልጄ ነጅዋ ኸይረዲንን ያገባችው ኮሌጅ ጨርሳ፣ ወድዳ ነው። ከሠርጉ ወር ሳይሞላው ከጨፋ ሮቢት ተነስታ ከሚሴ እኔ ቤት መጣች። ሻንጣ አለመያዟን ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?»

ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «ሰውነቴ እምቢ አለኝ፣ አያቴ፣ አኮ። እወደዋለሁ፣ ሲቀርበኝ ግን እንደ እንጨት እደርቃለሁ። ያመኛል። እሱም ይተወኛል። አማቴ ‹ድግምት አስሯታል› ብለው፣ በገበያው ቀን ሰንበቴ ከተማ አንድ ድግምት ፈቺ ዘንድ ሊወስዱኝ ነው። እዚያም ካልተፈታች ወደ ቤተሰቧ ትመለስ ብለዋል።»

የልጄን ልጅ እንደ ተበላሸ ዕቃ ሊመልሷት ነው። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ስለዚህ ነገር ግን ያስተማረኝ የለም። እጇን ይዤ ነርሷ ዓፊያ ዘንድ ወሰድኳት።

ዓፊያ መረመረቻት። ቁስልም በሽታም የላትም አለች። ከዚያ በሩን ዘግታ አስረዳችን። ሰው ስሜቱ ሲነሳ ልቡ ይፈጥናል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ታች ይወርዳል። የወንዱ ብልት በዚያ ደም ይቆማል፤ የሴቷም በዚያው ደም ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይረጥባል።

«በትእዛዝ አይመጣም። ፍርሃት ካለ ደግሞ ጡንቻው ይጨመደዳል፣ ይደርቃል፣ ያማል። ምን ያስፈራሻል፣ እህቴ?»

ነጅዋ መሬት መሬት እያየች፣ «አማቴ ከአልጋችን መጋረጃ ወዲያ ነው የሚተኙት» አለች። «ሙሽራ ብቻዋን ከተተወች ጂን ያገኛታል ይላሉ። በተገላበጥኩ ቁጥር ‹ውሃ ልስጥሽ?› ይሉኛል።»

ዓፊያ ሳቋን ዋጠች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አማቷ ረቢአ ክፉ ሰው አይደለችም፤ በነሱ ቤት ሙሽራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ብነግራት ግን የቤቴን ምስጢር አወጣች ብላ ልጅቷን ትጠምዳታለች። ነጅዋን ወደ ቤቷ ሸኝቼ ስልክ አነሳሁ።

«ረቢአ፣ ጉልበቴ ያዘኝ። የሚያነሳኝ የለም።»

«አብሽሪ። ነጅዋ አንቺ ዘንድ አይደለች እንዴ?»

«ባል ያላትን ልጅ አልይዝም። አንቺ ነይልኝ።»

የግመል ወተት ይዛ መጣች። ጉልበቴን በጥቁር አዝሙድ ዘይት እያሸች፣ «ሙሽራዋን ብቻዋን ተውኳት» እያለች ትብሰለሰላለች። ልሂድ ባለች ቁጥር ጉልበቴ ይብስበታል፤ እኔው ዘንድ ታድራለች። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ረቢአ ጠዋት ሻሿን አስራ ስትነሳ ነጅዋ ደወለች። ድምጿ ቀስ ያለ ነው።

«አኮ፣ ሰንበቴ መሄዱ ይቅር በያቸው። ደህና ነኝ። ደህና ነን።»

«አልሀምዱሊላህ» አልኩና ሳላስበው ብድግ አልኩ። ረቢአ ጉልበቴን አየች። ስልኩን አየች።

«ሰንበቴ ይቅር ትላለች» አልኳት።

ነጠላዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዓይኔን ሳታይ፣

«ቤት ስገባ አልጋዬን ማድ ቤት አደርገዋለሁ» አለች። «እዚያ ይሞቃል።»