በሞረድ የተመረጠ ብረት

የወርክሾፑ ባለቤት እጁን ዘረጋላት፤ የመሣሪያ ብረት በእሳት የምታጠነክረው ባለ እቶኗ ጨበጠችው።

«ሰላምታ ማን ጠየቀሽ? ስብርባሪውን አምጪ እንጂ!»

እጇን ሰብስባ ከቱታዋ ኪስ የተሸረፈውን ጥግ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከወፍራም ላሜራ የበር ማጠፊያ የሚቆርጠው የፕሬሱ መብሻ በዚያው ጥግ ሲሸረፍ ይህ ሁለተኛው ነበር። ደንበኛው ደግሞ ትዕግሥቱ አልቋል፤ አንድ ጊዜ ቢደገም ላሜራውን ጭኖ ሌላ ቤት እንደሚሄድ ተናግሯል።

«እሳትሽ ነው የሰበረው» አላት። «አንድ ዕድል ሰጥቼሻለሁ። ከዚያ በኋላ ከተሰበረ እቶኑን ለአማቼ አስረክበሽ ትወጫለሽ።»

«ጋሼ፣ እሳቱ አይመስለኝም። ብረቱ ራሱ ደረቅ ነው፤ ምት አይችልም።»

«ደረቅ ማለት፣ የኔ ልጅ፣ ጥሩ ማለት ነው።»

ሠራተኞቹ ሰውየውን በሌለበት «ሞረዱ» ይሉታል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪሱ ትንሽ ሞረድ ሰክቶ ይዞራል፤ ያገኘውን ሁሉ ይሞርዳል። የቢሮውን ቁልፍ ሞርዷል፤ የሚስቱን ቢላ ሞርዷል፤ የምራቱን ቀለበት ሊሞርድ ሲል ልጁ ነው እጁን የያዘው። ሞረድ የማይበላው ብረት ክቡር፣ የሚበላው ተራ። የእውቀቱ ዳርና ዳር ይኸው ነው።

ረፋድ ላይ ብረት ሻጩ ሁለት ዘንግ ለናሙና ይዞ መጣ። ብረቶቹ መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ጫፋቸው ላይ የተቀባው ቀለም ብቻ ነው። ቀዩ ያው የተሰበረው ዓይነት ነው። ፍትጊያ ይችላል፤ ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም፤ ወፍራም ላሜራ ሲመታ ግን ጥጉ ይረግፋል። ሰማያዊው ቀድሞ ይዶለዱማል፣ ምቱን ግን ይሸከማል። ሥራው ስስ ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ እሷም ቀዩን በመረጠች።

ሞረዱ ሁለቱንም ሞረዳቸው። ገና እሳት ያላየ ብረት! ጥንካሬው የሚመጣው እቶን ገብቶ ሲወጣ መሆኑን ሻጩ አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ገዢ ሞርዶ ደስ ካለው ሻጭ ምን ቸገረው?

«ቀዩ ነው» አለ ባለቤቱ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ። «ድምፁ ራሱ ይናገራል።»

«የጋሼ ጆሮ እኮ ለብቻው ነው የተፈጠረው» አለ ሻጩ፤ ለመሳቅ ግን ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሰዉ ምሳ ሲወጣ ባለ እቶኗ የሰማያዊውን ጫፍ ቀይ ቀባችው። እውነተኛውን ቀይ ከእቶኑ ጀርባ ሸጎጠችው። አዲሱ መብሻ ከተቀባው ዘንግ ተቀርጾ ሲመጣላት ለቀዩ ከምትሰጠው ዝቅ ባለ ሙቀት አጠነከረችው፤ ከዚያም እንዲለዝብ እንደገና አሞቀችው። ባለቤቱ ሞረዱን ቢያሳርፍበት ሳይበላው ተንሸራተተ።

«አየሽ? ቀይ!»

መብሻው ሥራ ጀመረ። ሲዶለዱም እየተሳለ ይመለሳል፤ ጥጉ ግን አልተሸረፈም። ደንበኛው ተጨማሪ ላሜራ አራገፈ። ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሞረዱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ ዋንጫ ያነሳ ነው የሚመስለው።

«ይሄ ተሳስቶ ያውቃል? ለሚቀጥሉት መብሻዎች አንድ መኪና ሙሉ ቀይ አዝዣለሁ!»

ዝም ማለት ትችል ነበር። አንድ መኪና ብረት ግን ተደብቆ አይቀባም።

«ጋሼ፣ እየሠራ ያለው ቀዩ አይደለም። ሰማያዊው ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ባለቤቱ ወደ ፕሬሱ ሄዶ መብሻውን አንዴ ሞረደው፤ ደገመው።

«ቀይ ነው። ሞረዴ ቀይ ብሏል።»

«ሞረድዎ ሁለቱን አይለያቸውም፣ ጋሼ።»

መሰበሩን ይቅር ሊል ይችል ነበር። መታለሉንም፣ ሥራው እስካማረለት ድረስ፣ ይውጠው ነበር። ሞረዱን በሰው ፊት መናቅ ግን ከአባት ስድብ ባሰበት።

የዚያኑ ዕለት እቶኑን ለአማቹ አስረክባ ወጣች። ቀጣዩ መብሻ ከቀዩ ብረት ተሠራ፤ በሳምንቱ በዚያው ጥግ ተሸረፈ፤ ደንበኛውም ላሜራውን ጭኖ ሄደ።