ለሦስት ሰው የተሰጠች መኪና

«ሸራውን ማን ግለጥ አለህ?» አለች ወርቅውሃ፣ ከበረንዳው ሳትወርድ።

ሀይረዲን ደንግጦ እጁን ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ አነሳ። «ይቅርታ እትዬ። በሩ ክፍት ስለነበር ገባሁ። ልትሸጥ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ዛሬ ከሰዓት የሚገዛት ሰው ይመጣል። ሊዲያ ናት ያገኘችው።»

ሀይረዲን ሸራውን መልሶ ማልበስ ጀመረና ግማሽ ላይ ተወው። እዚያው አቃቂ በሰቃ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ከባሏ ከተክሌ ጋር በዕቃ ዋጋ እየተጨቃጨቁ ነው አብረው ያረጁት። እንዲህ አፉ ተይዞ ግን አይታው አታውቅም።

«እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ጋሽ ተክሌ ይቺን መኪና ለኔ ሰጥተውኛል።»

ልጇ ሊዲያ የሳሙና አረፋ ያልለቀቀ እጇን እያራገፈች ከኩሽና ወጣች። «መቼ ነው የሰጠህ? በምን ወረቀት?»

«ወረቀት የለም እህቴ። ሱቄ ለመንገድ ሥራ የፈረሰ ጊዜ፣ ዕቃዬን አስፋልት ዳር ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ‹አይዞህ ሀይረዲን፣ እኔ ስሞት ሴይቼንቶዋ ያንተ ናት› አሉኝ። ይኸው ነው።»

የተክሌ አርባ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰማይ ላይ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ብሎ ያዳምጥ ነበር። ትርፍ ሰዓቱን ግን የወሰደችው ይህች ጥርስ የሌላት ሕፃን የምትመስል ፊያት ሴይቼንቶ ናት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን አጣጥፎ ለወርቅውሃ ያቀብልና ከመኪናዋ ሥር ይገባል። ሰፈርተኛው ሁሉ ወይ በመኪናዋ ተጭኗል፣ ወይ ገፍቷታል።

በቀብሩ ዕለት የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ጓደኞቹ በሁለት አውቶቡስ ነበር የመጡት። ድንኳኑ ውስጥ ደጋግመው ያወሩት አንድ ነገር ነው፤ መንገደኞች አውሮፕላኑ ላይ ተሳፍረው ካለቁ በኋላ ተክሌ ‹ድምፁ አላማረኝም› ብሎ፣ ብዕሩን ኪሱ ከትቶ፣ ክንፉ ሥር የተቀመጠበትን ቀን። አለቃ መጣ፣ የአለቃ አለቃ መጣ፣ ይበር ብዬ አልፈርምም አለ። በኋላ ሲፈተሽ ምን እንደተገኘ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው። በእጁ ያልነካውን አይፈርምም፤ በዚህ ሁሉም ይስማማሉ።

«አባዬ እንደዚያ ቢል ኖሮ ለኛ ይነግረን ነበር» አለች ሊዲያ።

«እኔም ልከራከር አልመጣሁም። ብቻ ትሸጣለች ሲሉ እግሬ ራሱ ይዞኝ መጣ።»

ይህን ሲል የግቢው በር ተንኳኳና ሒክማ ገባች። ሦስት ቤት አልፎ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ እንኳ አላወረደችም። ሀይረዲንን ስታይ ለመመለስ ቃጣት።

«ግቢ እንጂ» አለቻት ወርቅውሃ።

«እማማ፣ እናቴ ሰፈር ውስጥ የምታወራው ደርሶዎት ይሆናል ብዬ ነው። ‹መኪናዋ የሒክማ ናት፣ ጋሽ ተክሌ ሰጥቷታል› እያለች ነው። እኔ ምንም አልጠየቅኩም፤ ይህንኑ ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

ሊዲያና ሀይረዲን ተያዩ።

«ሰጥቶሻል?» አለች ወርቅውሃ።

ሒክማ አንገቷን ደፋች። «እጮኛዬ ጥሎኝ ኒካዬ የቀረ ሰሞን ነው። ከቤት አልወጣም ብዬ ተኝቼ ነበር። ጋሽ ተክሌ መኪናቸውን በራችን ላይ አቁመው ጥሩምባውን ለቀቁት። እስክወጣ አላቆሙም። እስከ ዱከም ወሰዱኝ። ስንመለስ ‹ይቺን መኪና አየሻት? ስሞት ያንቺ ናት፤ ያን ሰውዬ መንገድ ላይ ካገኘሽው አቧራ አልብሺው› አሉኝ።» ሳታስበው ሳቀች። «ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር እኮ። ግን እየሳቅኩ ገባሁ።»

ሀይረዲንም ሳቀ፤ ከዚያ በመዳፉ ፊቱን አበሰ። «እኔም አላመንኳቸውም» አለ። «እውነቱን ልናገር፣ አላመንኩም ነበር። ግን በማግስቱ የተበተነውን ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ።»

«ወረፋ የያዘ ሌላ ሰው አለ?» አለች ሊዲያ። ቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፤ ድምጿ ግን ተቆጣ።

ወርቅውሃ አልሳቀችም። ሥራው ላይ ፊርማ የሚነፍግ ሰው፣ ሰፈሩ ውስጥ አንዲቱን መኪና እንደ ከረሜላ ሲያድል ኖሯል። ለእሷ ግን አንድም ቀን ያንቺ ናት ብሏት አያውቅም። በዚያ ላይ የዳሲቱ ነገር ትዝ አላት። ዳሲቱ የወልደገብርኤል ሚስት ናት፤ ወልደገብርኤል ደግሞ ከተክሌ ጋር በአንድ ሃንጋር ያረጀ፣ አሁን ስትሮክ መትቶት ሳሪስ ቤቱ የተቀመጠ ሰው። ለአርባው መምጣት ስላልቻሉ ዳሲቱ በስልክ ይቅርታ ጠይቃ፣ በመጨረሻ «ቦታውን አዘጋጅተናል፣ እንደተመቻችሁ» ብላ ነበር። ወርቅውሃ ለጥየቃ የጠራቻት መስሏት ነበር፤ አሁን ተጠራጠረች።

ነጠላዋን ከወንበር ላይ አነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ሊዲያ። «ሰውየው ሊመጣ ነው እኮ!»

«ሳሪስ ደርሼ መጣሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ሊዲያ አሰበች። ልጅቷ ገላን ኮንዶሚኒየም ያላት ቤት ወለሉ ገና ሲሚንቶ ነው። መኪናዋ ተሽጣ ቤቱ ያልቅና እናትየዋ አብራት ትገባለች፤ ስምምነቱ ይህ ነበር። ሀሳቡን የጠላው ሰው አልነበረም። ደግሞ ስለ ተክሌ አሰበች። ያንተ ናት፣ ያንቺ ናት ያላቸው ሁሉ የወደቁ ሰዎች ናቸው። እሷ ፊቱ ወድቃ አታውቅም፣ ወይም ስትወድቅ አላየም። የቱ እንደሆነ ካሊቲን እስኪያልፉ ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ተወችው።

ዳሲቱ በሩን ከፍታ ስታያት ክው አለች። ወርቅውሃ ግን ዓይኗ ግቢው ላይ ነበር። የዶሮ ቤቱ ከቦታው ተነሥቷል። በእሱ ፋንታ አዲስ ሲሚንቶ ተለስኗል፤ በላዩ በአራት የባሕር ዛፍ ቋሚ አዲስ ቆርቆሮ ተመትቷል። ከሥሩ ምንም የለም።

ወልደገብርኤል ከቆርቆሮው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። በደህና እጁ ጨበጣትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም። ስለ ተክሌ አለቀሰ። ከዚያ ከአፉ የሚወጣውን ቃል አንድ በአንድ እየጎተተ፣ «መቼ... ትመጣለች?» አላት።

«ማን?»

«ሴይቼንቶዋ።»

ዳሲቱ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ፣ አትቀየሚን። ስትሮኩ ሲመታው አልንቀሳቀስም ብሎ ነበር። ሐኪሙ ተራመድ ቢለው፣ እኔ ባለቅስ፣ ወይ ፍንክች። ነፍሱን ይማረውና ተክሌ መጥቶ፣ ‹እስከ ግቢው በር በእግርህ ከደረስክ ሴይቼንቶዋ ያንተ ናት› አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግድግዳ እየያዘ ልምምድ ሆነ ሥራው። ሲወድቅ ስናነሳው ከረምን። አንድ ቀን ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለተክሌ ደውይልኝ አለኝ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሌላ ሰው ነበር። ሌሊቱን ነው ያረፈው አሉኝ።»

ወርቅውሃ በጓዳው መስኮት ቆርቆሮውን አየች።

«ቆርቆሮውን ልጆቹን አስጨንቆ ነው ያስመታው» አለች ዳሲቱ። «ቢነግሩትም አይሰማም። አንቺ አትቸገሪ። ተሸጠች እለዋለሁ። ትንሽ ያኮርፍና ይተወዋል።»

«ይተወዋል?»

ዳሲቱ ወደ ውጭ አየች። «እኔ እንጃ» አለች።

ወርቅውሃ ስልኳን አውጥታ ልጇ ጋ ደወለች።

«ሊዲያ፣ ሰውየው እንዳይመጣ ንገሪው።»

«እማዬ! መንገድ ላይ ነው እኮ። ምን ተፈጠረ?»

«ለጋሽ ወልደገብርኤልም ሰጥቶታል።»

«ለማንስ ያልሰጠው አለ? ደግሞ እሳቸው መንዳት አይችሉም!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እነ ሀይረዲን አላመኑትም። እሱ አምኖታል።»

«የቤቱስ ነገር?» አለች ሊዲያ። «አንቺ የት ልትሆኚ ነው?»

«በሰቃ። የነበርኩበት።»

«እኔ እንግዲህ አላውቅም፣ እማዬ» አለችና ሊዲያ ስልኩን ዘጋችው። ወርቅውሃ ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሳ ትደውል ነበር። አሁን ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ግቢው ወጣች።

ወልደገብርኤል አንገቱን አቅንቶ ይጠብቃት ነበር። በአዲሱ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየችው፤ በእጇ ጠርዙን ነካችው።

«ዳሲቱ» አለች፣ «ይሄ በምዕራብ በኩል አጭር ነው። ዝናቡ ከዚያ ነው የሚመጣው። ነገ ሳናመጣት በፊት አንድ ቆርቆሮ አስጨምሪ።»